ወንበር የሌለበት ኒካህ

ጭሮ ውስጥ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የሐኪም እጥረት የለበትም። ከጫት ተራ እስከ መናኸሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ጂብሪል ለጫት ነጋዴዎች ጆንያና ገመድ በሚሸጥባት ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ የሁሉንም ትእዛዝ ሰምቷል። አንዱ የግመል ወተት ጠጣ ይለዋል፣ ሌላው ዋግምት ታገም ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ አጎቴን ያዳነ ቅባት አለ ብሎ ቦርደዴ ድረስ ሊልከው ይሞክራል። ሲጣራ አጎትየው ከሞቱ ቆይተዋል።

ጂብሪል ለቁርጥማቱ የራሱን መላ ይዟል። ሆስፒታል ያዘዙለትን መድኃኒት ይውጣል። ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ ጉልበቶቹን ደጋግሞ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። የደረቁ ጣቶቹን ለብ ባለ ውሃ ያላላል። ሳያመው በፊት ያርፋል እንጂ እስኪያመው አይጠብቅም። ሱቁ ውስጥ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ ይሸጣል፤ መስጊድም ሰልፉ ጫፍ ላይ በወንበር ይሰግዳል። ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ቢሆንም ሱቁን በሰዓቱ ይከፍታል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ይስቃል። ይህን ያደነቀለት ሰው የለም። ከተማው «ጂብሪል ወንበሩ» የሚል ስም አወጣለትና በዚያው አረፈ።

ከሐኪሞቹ ሁሉ የባሰው ታናሽ ወንድሙ ሙከሚል ነው። ሙከሚል የጫት ነጋዴ ነው፤ ገንዘቡ ከበዛ ወዲህ ምክሩም አብሮ በዝቷል። ሰው ጫት ቅሞ ከመረቀነ እግር እንዳለውም ይረሳል ባይ ነው። ጂብሪል አንድ ጊዜ ሰምቶት ነበር። በምርቃናው የሙከሚልን ጆንያዎች መኪና ላይ ሲጭን አመሸ፤ ሰፈሩም ዳነ ብሎ አወራ። በማግስቱ ሽንት ቤት የደረሰው በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው። ያን ሰሞን ሊጠይቁት የመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ጫት ይዘውለት መጡ።

የሴት ልጁ የኢንሳፍ ኒካህ፣ የጋብቻ ቃል የሚታሰርበት ቀን፣ ሲቃረብ ጉዳዩ ወንበር ላይ ደረሰ። ሙሽራው ኢርሻድ የሂርና ልጅ ነው፤ ወገኖቹ እዚያው ሂርና ጫት የሚነግዱ፣ ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው። በወጉ የሙሽራዋ ወሊ፣ ማለትም አባቷ፣ ከሙሽራው ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃሉን ይለዋወጣሉ። ጂብሪል እንደ ልማዱ ወንበር ላይ እንደሚሆን ተናገረ። ሙከሚል በዚህ ተቆጣ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ መሬት ተቀምጠው እሱ ከበላያቸው ሊሰቀል ነው? የሂርና ሰዎች ወይ ትዕቢተኛ ይሉታል፣ ወይ በሽታው በዘር የሚሄድ ነው ብለው ልጅቷን ያማሉ።

«ወይ እንደ ሰው መሬት ትቀመጣለህ» አለ፣ «ወይ ውክልናውን ለኔ ትሰጠኛለህ። እኔ እድራታለሁ።»

ነገሩ ለጂብሪል ያን ጊዜ ገባው። የሙከሚል ልጆች ሁሉም ወንዶች ናቸው። በሂርና ነጋዴዎች ፊት ልጅ ዳሪ ሆኖ መታየት አምሮታል፤ የወንድሙ ጉልበት ደግሞ ጥሩ ሰበብ ሆኖለታል።

ለኢንሳፍ ሲነግራት መጀመሪያ የሰው አፍ አስፈራት። አባቷ ለአንድ ቀን ወግ ሲል መሬት ተቀምጦ ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲውልም አልፈለገችም። ውክልና የሚለውን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አጎቴ እንዲድረኝ አልፈልግም፣ አባ» አለችው። «ያሳደገኝ እሱ ነው እንዴ?»

በኒካሁ ዕለት ጂብሪል ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ቤቱ ውስጥ አንድም ወንበር አልነበረም። ሙከሚል ሁሉንም በባጃጅ አስጭኖ ወደ ራሱ ቤት ልኳቸዋል። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ሼህ መስዑድ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ሙከሚል ከጠዋት ጀምሮ የቃመበት ጉንጩ እንዳበጠ በአባትየው ቦታ፣ ከሙሽራው ፊት ለፊት እግሩን አጣጥፎ ተደላድሏል። ወንድሙን ሲያይ በእጁ ምንጣፉን መታ መታ አደረገለት፤ ልጅ እንደሚያባብል።

ጂብሪል ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሙከሚል ፈገግ እያለ እንዲጀመር ለሼሁ ምልክት ሰጠ። ነገር ግን አማቱ፣ ያውም የቤቱ ጌታ፣ ቆሞ ሳለ የሚቀመጥ ሙሽራ በዚያ አገር የለም። ኢርሻድ ብድግ አለ። ሙሽራው ሲነሳ ሚዜዎቹ ተነሱ። የኢርሻድ አጎት በድሪ ግራ እየተጋቡ ተነሱ፤ አዛውንቶቹ ተከተሏቸው። ጂብሪል ተቀመጡ አላላቸውም። በመጨረሻ ሼሁም ምርኩዛቸውን ይዘው ሲነሱ፣ ሙከሚል በእግር ጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቀረ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ሼሁ ወደ ጂብሪል ዞረው።

«ወንበር ለምዶ ነው» አለ ሙከሚል ከታች።

«ቁርጥማት አለብኝ» አለ ጂብሪል። «መሬት ከተቀመጥኩ መነሳት አልችልም። ውክልና ደግሞ ለማንም አልሰጠሁም። ቆሜ ልዳራት።»

በድሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙከሚል የፈራው ጥያቄ መጣ፤ በሽታው በዘር የሚሄድ እንደሆነ ጠየቁ።

«ጉልበቴን አልዳርኩላችሁም» አለ ጂብሪል። «ልጄን ነው።»

ከሚዜዎቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። በድሪ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ኢርሻድ ቀደማቸውና ስለ በሽታው እንዳልጠየቀ፣ ሊጠይቅም እንደማይፈልግ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራቸው። ሼሁ ኒካህ በቃል እንጂ በመቀመጫ እንደማይታሰር ተናገሩና ሙከሚልን ቦታውን እንዲለቅ አዘዙት። ምርቃናው እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ለመስማት አልተዘጋጀም ነበር፤ አንድ ሁለቴ ከደገሙለት በኋላ የሰው ልብስ እየጨበጠ ተነሳ።

ጂብሪል ቀስ ብሎ ወደ መሃል ገባ። ጉልበቶቹ መንደድ ጀምረዋል፤ እስከ መቼ እንደሚሸከሙት ያውቃል።

«ሼህ፣ ኹጥባውን ያሳጥሩልኝ» አለ። «ብዙ መቆም አልችልም።»

ይህን በሂርና ሰዎች ሁሉ ፊት ነው ያለው። ሙከሚል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሼሁ ከቃሉ በፊት የሚያደርጉትን ንግግር አሳጠሩ። ኢርሻድ እጁን ዘረጋና በፍርሃትም በደስታም የጂብሪልን እጅ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለው ጂብሪል። «ጣቶቼንም ያመኛል።»

ኢርሻድ ጭብጡን ፈታ። መዳፉን ከስር ዘርግቶ የአማቱን እጅ በላዩ አሳረፈ፤ ሼሁም ቃሉን አስጀመሩ።