ከተሳቢው ኋላ የሚቆም ሰው

አይሆንም፣ ይኼም በስብሷል፣ ይኼንንም እቆርጠዋለሁ፣ የተሳቢው ሽቦ ሁሉ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ ክንድ ሙሉ ብቆርጥ አረንጓዴ፣ ጀርባዬ የጋራዡ ወለል ላይ፣ ከላዬ ተሳቢው፣ ከተሳቢው ላይ የባሌ ጀልባ፣ የባሕር ጨው እንዲህ ነው የሚገባው፣ ከላይ ላስቲኩ ደህና፣ ውስጡ የለም፣ ስንት ጥርስ አይቻለሁ እንዲህ ያለ፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ እኮ፣ የበሰበሰ ሳይጠረግ አይሞላም። ናስትሮ ጠቅልለሽ እለፊው አለኝ ከሊል፣ ፎርድስበርግ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው፣ ናስትሮ ብቻ ሲስ፣ ሸርፕ፣ በቃ አለቀ ማለቱ ነው። ምን ሸርፕ ነው። አልጠቀልልም።

ምሕረቱ፣ አንተ ሰው፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ። ጀልባውን ውኃ ውስጥ ከማውረድህ በፊት የተሳቢውን መብራት ፕለግ ከመኪናው ንቀል፣ የጋለ አምፖል ቀዝቃዛ ባሕር ሲነካው ውኃ ይስባል ብዬ፣ እሺ የኔ እመቤት እያልክ ትስቃለህ፣ ስንመለስም በንጹሕ ውኃ አታጥበውም፣ ነገ፣ ነገ፣ ከደርባን እስከ ጆበርግ ጨው እየበላው፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ልብህ ቆመና ነገም ቀረ፣ ጨውህን ለእኔ ትተህልኝ ሄድክ፣ ሞተሃልና ዝም ልበልህ? አልልም፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ፣ ናፍቀኸኛልም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው፣ እስቲ ያንን ፒንሳ አቀብለኝ። እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ወይ ጉድ። ራሴው አነሳዋለሁ።

ጋሽ አሳምነው ዛሬ ይመጣል፣ የምሕረቱ ታላቅ ወንድም፣ በአፌ አንቱ፣ በሆዴ አንተ። ገዢ ይዞ ነው የሚመጣው። በተዝካሩ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት አይደል የፈረደው፣ ጀልባው ይሸጥ አለ፣ አይሸጥም አልኩ፣ ሰው ሁሉ ሰሃኑን እንደያዘ ቀረ፣ እሱ ሳቀና፣ መብራት እንኳ የሌለው ተሳቢ ነው፣ ገና ከበርሽ ሳትርቂ ፖሊስ ያስቆምሻል፣ ይሁን፣ ካበራሽው ውሰጂው፣ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ፣ ካልበራ ይሸጣል። ሁሉም ሳቀ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ እልፍነሽ እንኳ ሳትቀር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ሳቁ እንግዲህ። ሰምታችኋል ሁላችሁም ብያለሁ።

ባሕር ለሴት ብቻዋን ምን ያደርግላታል ይላል ጋሼ፣ የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ። ምን ያደርግልኛል፣ እኔንጃ፣ ዓሣ ማጥመድ እንኳ አልወድም፣ ይሸተኛል፣ ግን ሞተሩ ሲጠፋና ምሕረቱም ወሬውን ሲያቆም፣ ያ ዝምታ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ የምውል ሴት ያንን ዝምታ እፈልገዋለሁ፣ የእኔ ነው፣ ማንም በባኪው፣ በፒክአፑ፣ ጎትቶ አይወስደውም።

ጥቁሩን አወለቅሽ አሉ እንዴ አለችኝ ትናንት እልፍነሽ በስልክ። አሉ! ማነው ያለው፣ አጥሬ ላይ ካሜራ ሰቅለዋል? በጥቁር ቀሚስ ተሳቢ ሥር አይገባም እልፍዬ። የምሕረቱን ቱታ ለብሻለሁ፣ ገና እሱን እሱን ይላል፣ ሐዘኔ ከቀሚስ ላይ አልነበረም።

ማሳው ነው ጉዱ። ማሳ ይሉታል እኛ አገር መካኒኮች፣ የኤሌክትሪኩን መመለሻ፣ ይኼን የሠራው ሰው ሽቦ ቆጥቦ በተሳቢው ብረት መልሶታል፣ ብረቱ ደግሞ ዝገት፣ ስለዚህ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይበራል፣ ፍሬቻ ሲበራ ሁሉም ይደበዝዛል፣ መመለሻ ያጣ ነገር ያገኘበት ይገባል፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም ሰሞኑን እንደዚያው ነኝ። ብረቱን አላምነውም። ለእያንዳንዱ አምፖል የራሱን ሽቦ እስከ ፕለጉ ዘረጋሁለት፣ በክሊኒኬ ትንሿ የጋዝ እሳት በየድኩት፣ ላስቲክ አለበስኩት፣ ግራሶ ሞላሁበት። እስቲ አሁን ግባ፣ ጨው!

ክላክስ። መጡ። ገዢው ባኪውን በሬ ላይ ገትሮታል፣ ጋሼ ካትሌሆንግ ካለው ሱቁ ያመጣው ደንበኛ ነው፣ ጋሼ ራሱ ከቅዳሴ ቀጥታ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ። እንዴት አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ይኼ ምን አለባበስ ነው፣ የሥራ ነው ጋሼ። መብራትም ጠፍቷል፣ ሰፈሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ የለም ይላል ጋሼ፣ ጋራዡስ እውነትም ጨለማ ነው፣ እኔ የመኪና ባትሪ አለኝ፣ ሰፈሩን መች ጠየቅኩ።

ግን ፍሬኑን ብቻዬን አላየውም፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ዓይኔ ኋላ አይሆንም፣ ሁልጊዜ ምሕረቱ መሪው ላይ እኔ ከኋላ ነበርን፣ በራ፣ አልበራም፣ በራ እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት፣ ዛሬ ማን ይቁም። ጋሼ፣ እባክዎ ከተሳቢው ኋላ ይቁሙልኝ። እኔ? አዎ፣ የፈረዱት እርስዎ ነዎት።

ፕለጉን መኪናዬ ላይ ሰክቼ መሪው ላይ እቀመጣለሁ። ግራ ፍሬቻ። በራ፣ ይላል፣ በግድ። ቀኝ። በራ። ፍሬን እረግጣለሁ። ዝም። ጋሼ? ዝም። ያ የመጨረሻው ብየዳ፣ ጠርጥሬው ነበር፣ ወይኔ፣ ሊወስዱት ነው፣ ባሕሩን ሊወስዱት ነው፣ እግሬን አነሳለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ፣ መስታወቱን አያለሁ። ነጠላው። ነጠላው ቀልቷል፣ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ቀይ፣ እለቃለሁ፣ ነጭ፣ እረግጣለሁ፣ ቀይ፣ እሱ ከንፈሩን ገጥሞ ቆሟል፣ ቀይ ለብሶ ቆሞ በራ አይልም!

አይበል እንግዲህ። መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለምሕረቱ እንደምጮኸው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ በራ! በራ ጋሼ፣ በራ! ባሕሩ ዳር ስደርስ ደግሞ ፕለጉን እነቅለዋለሁ፣ ሰምተሃል ምሕረቱ፣ መጀመሪያ ፕለጉን። ሰውዬው ባኪውን ከበሬ ላይ ያንሳልኝ፣ ወጣሁ።