ከላይ ያለው ስም

በራጅሻሂ ከተማ ሐኪምም መምህርም የሆነችው ዶክተር ናፊሳ ሦስት ዓመት የደከመችበት የእባብ ንድፊያ ጥናት ታትሞ ሲመጣ፣ ከላይ የአለቃዋ የፕሮፌሰር ሞክሌሱር ስም ተቀምጧል፤ የእሷ አራተኛ ነው። ደሟ ፈላና የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

"እርስዎ እኮ አንድ በእባብ የተነደፈ ሰው እንኳ አላዩም!"

ሽማግሌው ሳቁ። "እኔስ ለአለቃዬ ስንቱን ጽፌያለሁ መሰለሽ? ቻል አድርጊው ልጄ፤ ተራሽ ይደርሳል።"

"ተራዬ በአፍንጫዬ ይውጣ!" ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ተማሪዋ ዶክተር ታህሚና ብቻዋን የሠራችውን ጥናት ሰጠቻት። ከላይ "ናፊሳ" ይላል።

"እኔ ምን ሠርቼ ነው?"

"ያው ደንቡ ነው፣ ማዳም።"

ናፊሳ ልትሰርዘው እስክሪብቶ አወጣች። ስሟን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ነጥብ አረመችና መልቀቂያዋን ልታስመልስ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ተመልሳ ገባች።