ገለል በሉለት

አሮጊቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ በጣታቸው ነካ አደረጉና «ይሄ ነው ልጄን የበላብኝ?» አሉ።

ፎቶ አንሺው የአንድ ተማሪ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠ ነበር። መቀሱን እንደያዘ ቀና አለ። ለጊዜው ነገሩ አልገባውም። ፎቶው ከከተማው ዳር ያለው የድንጋይ ካባ ነው፤ ተራራውን ከጎኑ ቆርሰው ቆርሰው የጨረሱበት። ሠርግና ጉርድ ፎቶ መተዳደሪያው ሲሆን ካባው ግን ልቡ ያለበት ቦታ ነው። ለዓመታት ሥራ የሌለበትን ጠዋት ሁሉ እዚያ ሲንከራተት ኖሯል። ይሄኛው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ናዳ ከወረደ በኋላ ያነሳው። አዲስ የተቦደሰው ገደል የጠዋት ፀሐይ አርፎበት ሲታይ እውነትም ያምራል። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት መግቢያው ላይ የሚሰቀለው ይሄ ነው። በዚሁ ደስታ ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ጥርሱን መክደን አቅቶት ነበር።

«ልጅዎ ካባው ላይ ነበር እንዴ የሚሠራው፣ እናቴ?»

«መኪና የሚያስቆመው። ወደ ኋላ ና፣ በቃ ቁም፣ የሚለው። ትራፊክ ነበር አሉ የሚሉት።»

ፎቶ አንሺው መቀሱን አስቀመጠ። «ትራፊክ? ትራፊክ ሞተ?»

«አልሰማህም እንዴ ልጄ? ጓደኞቹ እኮ ወዳጁ ነበር ብለው ነው ወዳንተ የላኩኝ።»

አልሰማም። ናዳ መውረዱን ሰምቷል። ሰው መሞቱም በጆሮው ሽው ብሎ አልፏል፤ ማን ነው ብሎ ግን አልጠየቀም። እንዲያውም፣ ጉዱን ስሙ፣ ይሄንኑ ፎቶ ሊያነሳ የሄደ ዕለት «ይሄ ትራፊክ ዛሬ የት ገባ? እነዚህን ሰዎች ማን ገለል ያድርግልኝ?» ብሎ ተነጫንጮ ነበር። ፍርስራሹን የሚያዩትን ሰዎች ራሱ ጮሆ አስነሳቸው። ሰውየው የሞተበትን ቦታ እያነሳ፣ ሰውየው ቀረብኝ ብሎ ሲበሳጭ!

«ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም የመጣሁት» አሉ አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ። «አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ስልኩም መታወቂያውም ኪሱ ውስጥ ነበሩ፤ አብረውት ሄዱ። እኔ ጋ ያለው ሕፃን ሆኖ የተነሳው ነው። እሱን ሳይ ሳይ ትልቁ እየጠፋብኝ ነው። ትናንት ዓይኔን ጨፍኜ ፊቱን ላምጣው ብል እምቢ አለኝ። እናቱ አይደለሁም? እንዴት ይጠፋኛል?»

«አያስቡ እናቴ» አለ ፎቶ አንሺው፤ አፉ ቀደመው። «እሱንማ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ። ከሰዓት ብቅ ይበሉ፤ አሳምሬ አትሜ አቆይልዎታለሁ።»

አሮጊቷ እጁን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በግድ አስለቀቃቸው። እየመረቁት ወጡ።

ይሄን ያለው ሊዋሽ አስቦ አይደለም። እውነት መስሎት ነው። ከትራፊክ ጋር ስንት ጠዋት አብረው ተንቀጥቅጠዋል! ነፋስ ሲነሳ የካሜራውን መቆሚያ ደግፎ የሚይዝለት፣ የትኛው መኪና መቼ አቧራ እንደሚያስነሳ የሚነግረው እሱ ነበር። ታዲያ እንዴት አንድ ፎቶ ይጠፋል? ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፍለጋውን ጀመረ።

ገደል መጣ። ጭጋግ የለበሰ ገደል መጣ። የቆመ የድንጋይ መፍጫ፣ ኩሬ የሞላው የጎማ ዱካ፣ እንደገና ገደል። ሰው ግን የለም። ዓመቱን ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲሄድም ያው ድንጋይ ብቻ ነው።

ለነገሩ እሱ ራሱ ነው እንዲህ ያደረገው። «ሰው ከገባበት ፎቶው ወሬ ይሆናል፤ መሬቱ ራሱ ይናገር» ማለት ይወድ ነበር። ለአንድ ጋዜጠኛም ነግሮት በጋዜጣ ወጥቶለታል፤ ቆርጦ አስቀምጦታል። መሬቱ እንዲናገር ታዲያ ፈላጩም ጫኚውም ከፊቱ መነሳት ነበረበት። አስነሺው ደግሞ ትራፊክ ነበር። ፊሽካውን ይነፋና «ገለል በሉለት! ሰውዬው ሊያነሳ ነው! አንተ ረጅሙ፣ ሙሽራ አይደለህ፣ ምን ትገተርበታለህ?» ሲል ካባው በሳቅ ያውካካል። ሁሉም ዞር ካሉ በኋላ ራሱ ወደ ካሜራው ጎን ይመጣና «እኔስ አለሁበት?» ይላል።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» ይለዋል ፎቶ አንሺው። «ትንሽ ጨምር። በቃ፣ አሁን ወጣህልኝ።»

አንድ ቀን «እኔንስ መቼ ነው የምታነሳኝ?» ብሎት ያውቃል። «ደህና ብርሃን ሲገኝ» ነበር መልሱ። ደህና ብርሃን በተገኘ ቁጥር ግን ለድንጋዩ ዋለ።

ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። የቤቱ ገንዘብ ተቀባይም ፎቶ አሳማሪም እሷ ናት።

«ምሳ አትበላም?»

«የለም እኮ።»

«ምኑ?»

«ትራፊክ። አንድም ቦታ የለም።»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገራት። አጠገቡ ተቀምጣ ማውሱን ከእጁ ወሰደችና ፎቶዎቹን እሷም ማገላበጥ ጀመረች።

«ቆይ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሰው ዘር ይጥፋ?»

«እንዴት እንደማነሳ ታውቂው የለ።»

«አውቃለሁ። ሰው የሌለበት ፎቶ ማን ይገዛል እያልኩ ስጨቀጭቅህ አልነበር? የጣልካቸው ውስጥስ?»

«ሰው የገባበትን እዚያው ነው የማጠፋው። ምን ያደርግልኛል ብዬ!»

እሷም ማገላበጧን ቀጠለች። ብዙ ከቆየች በኋላ ግን «ይኸው! ይኸው ተገኘ!» ብላ ትከሻውን መታችው።

ከገደሉ ሥር፣ ሄልሜት ያደረገና አንጸባራቂ ሰደሪያ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሳይጠፋ ተረስቶ የቀረ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየው።

«እሱ አይደለም» አለ።

«በምን አወቅህ? ጀርባው እኮ ነው የሚታየው፤ ልብሱም የሁሉም አንድ ነው።»

«ትራፊክ እዚህ ጋ ነው የነበረው።» ከስክሪኑ ውጭ፣ በስተቀኝ ያለውን ባዶ ጠረጴዛ በእጁ መታ መታ አደረገው። «ይሄ አንዱ ጫኚ ነው፤ ጆሮው ያስቸግረዋል። ትራፊክ ገለል በል እያለ ሲጮህበት ሳይሰማው ቀርቶ ነው የገባው። ስቀን ሞተን ነበር። ሰውየው አለ፤ ዛሬም ካባው ላይ እየጫነ ነው።»

ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምን ስሠራ ነው የኖርኩት? ንገሪኝ እስቲ! እዚያ ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሰው እየነጋ እየመሸ ሲለፋ፣ እኔ ቋጥኝ ስለቅም! ወዳጄ ሲሞት አላወቅኩ፤ የሞተበትን ቦታ ውብ ነው ብዬ ሰቀልኩት። ምን ዓይነት ዓይን ነው የሰጠኝ?»

«ተው እንግዲህ፣ ራስህን አትብላ» አለች ሚስቱ፤ የእሷም ድምፅ ተሰብሯል። «ይልቅ እናቱ ሲመጡ እውነቱን ንገራቸው። እንዳትዋሻቸው። አፍህ ቀድሞህ ተስፋ ሰጥተህ ነው የሰደድካቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

አሮጊቷ ግን ከሰዓት እስኪሆን መጠበቅ አልቻሉም። ለካ ከበሩ ማዶ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ኖሯል። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ እያለ ገቡ፤ ሳያዩት ሊዘጋው እጁን ቢልክም አልደረሰም።

«ልጄ!» አሉ።

ጠረጴዛውን ይዘው ቀረብ አሉና ስክሪኑን በመዳፋቸው ደባበሱት። «ይኸው! ትከሻውን አታዩም? አንድ እግሩን እንዲህ አሳርፎ ነው የሚቆመው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው! አያችሁ፣ አልጠፋኝም። እኔ እኮ ጠፋኝ ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ፤ በጀርባውም አወቅኩት!» እንባቸው ይወርዳል፤ እንባው መሐል ደግሞ ይስቃሉ። «በትልቁ አትምልኝ፣ ልጄ። ሁለት አድርግልኝ። አንዱን ካባው ድረስ ሄጄ ለጓደኞቹ አሳያቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።»

ፎቶ አንሺው ሚስቱን አያት። ያቺ እንዳትዋሻቸው ያለችው ሴት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ቀስ ብላ ተነሳችና ፕሪንተሩን አበራችው። ወረቀት አስገባች። ከአሮጊቷ ጀርባ ሆና፣ አትንገራቸው፣ እባክህ ተወው፣ በሚል ራሷን ነቀነቀችለት።

አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚቀረው። ይጫናል፣ ፎቶው ይወጣል፣ እኚህ እናት ደስ ብሏቸው ቤታቸው ይገባሉ። ነገ ፎቶውን ይዘው ካባው ላይ ሲደርሱስ? ያ ጫኚ ራሱ ከፊታቸው ቆሞ «ይሄማ እኔ ነኝ» ቢላቸውስ? እሺ፣ ማንም ምንም አይበል፤ ሁሉም አዝኖላቸው አፉን ይያዝ። ቢሆንም ትራፊክን አንዴ ለገደሉ ውበት ብሎ ገለል አድርጎታል። አሁን ደግሞ በእናቱ ግድግዳ ላይ እንኳ ሌላ ሰው አቁሞበት ሊያስወጣው ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ በገዛ እጁ፣ የወለዱትን ልጅ አላወቁትም ብሎ ሊገድላቸው ነው። የትኛውንም ቢመርጥ ያንን ፊት ከየትም አያመጣላቸውም።

«አትምልኝ እንጂ» አሉ አሮጊቷ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳይነቅሉ።

ፎቶ አንሺው እጁን ዘርግቶ ፕሪንተሩን አጠፋና ወንበር ሳበላቸው።

«ቁጭ ይበሉ፣ እናቴ» አለ።