ሶፋ ሱቅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሽ ከማሉዲን በሽምግልና ሄደው «እንቢ» ተብለው አያውቁም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ሳይጠየቁ። መስጊድ ደጃፍ ይናገራሉ፣ ለቅሶ ቤት ይናገራሉ፣ የጥርስ ሐኪሙ አፋቸውን አስከፍቶ ሲሠራ እንኳ ለመናገር ሞክረዋል። በሚኒሶታ ከኒው ሆፕ ከተማ እስከ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ እሳቸው ጠይቀው ያልተሰጠ ልጅ የለም። አንዳንዱ ትዳር ዓመት ሳይሞላው መፍረሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው የተላኩት ለማስፈቀድ እንጂ ለማኖር አይደለም።

ስለዚህ የሟች ወንድማቸው ልጅ ሀዚም፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤታቸው ያሳደጉት፣ ፈዲላን ማግባት እፈልጋለሁ ሲላቸው ነገሩን ያለቀ አድርገው ቆጠሩት። የፈዲላ እናት ሰኢዳ የደሴ ሰው ናት። ሜፕልዉድ ውስጥ ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ምላሷም ዓይኗም የማያርፍ ሴት። ጋሽ ከማሉዲን ሁለት ወዳጆቻቸውን አስከትለው ቤቷ ሄዱ። አንዱ ኦቦ ያደታ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ እንግሊዝኛውን የሚያንበለብሉት። ሌላው አቶ ሙሊሳ ናቸው። የአቶ ሙሊሳ ሥራ ጉሮሮ መጥረግና «አሜን» ማለት ነው። ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው።

የጋሽ ከማሉዲን ደንብ አንድ ነው፤ «እሺ» ሳይባሉ አይቀመጡም። ቢለመኑም ቢማልባቸውም ቆመው ይናገራሉ፣ ቆመው ይጠብቃሉ። የቆመ ሽማግሌ ቤት ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ ቤት ደግሞ ልጁን ይሰጣል። ጥበባቸው በሙሉ ይኸው ነው። ያን እሑድ ግን ጉልበታቸው ሲቆረጥማቸው አድሯል፣ ሰኢዳም ለእነሱ መምጫ ብላ አዲስ ሶፋ ገዝታለች። ሰፊ፣ ቢጫ፣ ገና ፕላስቲኩ የተገፈፈ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንግዳ አቁሜ አላዋራም» አለች።

ጋሽ ከማሉዲን ሶፋውን አዩት፤ ጉልበታቸውን አዳመጡት፤ ደንባቸውንም ጣሉት። ተቀመጡ።

«እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ» ብለው ሲጀምሩ ከሥራቸው አንድ ነገር ቀጭ አለ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ ሶፋው ከመሐሉ ለሁለት ተከፈለና ጋሽ ከማሉዲን ምንጣፉ ላይ ዘጭ አሉ፤ እግራቸው ወደ ላይ፣ የካልሲያቸው ቀዳዳ ለሕዝብ። ሌላ ሰው ቢሆን ይነሳ ነበር። እሳቸው ግን የጀመሩትን ንግግር አቋርጠው አያውቁም። «ሰጥታችሁን፣ ሁለቱን ቤት አንድ እንድታደርጉልን ነው» ብለው እዚያው ወለሉ ላይ ሆነው ጨረሱት። አቶ ሙሊሳ «አሜን» አሉ። ፈዲላ ኩሽና ውስጥ ፎጣ ነክሳ ሳቋን አፈነች። ሰኢዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈን አድርጋ፣ «እንመካከርበትና እናስጠራችኋለን» አለች።

መጠራቱ ዘገየ። ጋሽ ከማሉዲን ይህን ሁሉ ያመጣው ደንብ መጣሴ ነው ብለው ራሳቸውን ረገሙ። ለሌላ ሰው የተላኩ ቢሆን ስቀው ያልፉት ነበር፤ ይሄ ግን ሀዚም ነው፣ ወንድማቸው ለእሳቸው ጥሎት የሄደው አንድ አደራ። ልጁ ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ ራት ይቀርብለታል፣ አንድ ጊዜ ይጎርስና «በቃኝ አባባ» ብሎ ይነሳል። ፍቅር አንጀቱን ዘጋው እያሉ ይብሰለሰላሉ። እኔ የወደቅሁ ቀን የልጄም ዕድል አብሮኝ ወደቀ፣ ይላሉ ለብቻቸው።

በመጨረሻ ሰኢዳ ደወለች።

«መልሱማ ደርሷል ጋሼ። ግን እኔ ሽማግሌ በተሰበረ ሶፋ አስቀምጬ መልስ አልሰጥም። ነውር ነው።»

«ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ ሰኢዳ።»

«አይሆንም። ሱቁ ይቀይርልኝ ብዬ ከከስተመር ሰርቪስ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የከረምኩት። ስደውል ሆልድ ያደርጉኛል፤ ሙዚቃውን አሁን ዝፈኚው ቢሉኝ እዘፍነዋለሁ። ሰው ሲያነሳ ትራንስፈር ያደርገኛል፤ ያኛው ደግሞ ስሜን እንደ አዲስ ይጠይቀኛል። ሄጄም አይቼዋለሁ፤ ሱቁ ዋናው ቢሮ ደውዪ ይላል፣ ዋናው ቢሮ ሱቁ ሂጂ ይላል። ሲሸጡልኝ ዋራንቲ አለው ብለው ነበር። አሁን ሚስዩዝ ነው፣ ያለአግባብ ተጠቅመሽበታል ይሉኛል። ሶፋው ከሚችለው በላይ ክብደት ተቀምጦበታል ይሉኛል።»

ጋሽ ከማሉዲን ንፋስ ሲነሳ ሚስታቸው መስኮት የምትዘጋላቸው ቀጭን ሰው ናቸው።

«ክብደት ያሉት እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው ጋሼ። ዋራንቲው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። እና አሰብኩት። ለልጅ የሚላክ ሽማግሌ ለሶፋ ቢላክ ምን አለበት? እሺ አሰኝታችሁልኝ ኑ፤ አዲሱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ መልሳችሁን ትሰማላችሁ።»

ከበስተጀርባዋ «ማም፣ ዩ ካንት ዱ ዛት» እያለ የሚከለክላት የፈዲላ ድምፅ ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ኦቦ ያደታ ጉዳዩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከማል፣ ይሄ አሜሪካ ነው። እዚህ ሱቅ የሚላከው ሎየር ነው፣ ሽማግሌ አይደለም።»

«ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው።»

«ሰው ከሆነ ይሸመገላል» አሉ ጋሽ ከማሉዲን፤ ነገሩም በዚህ ተዘጋ።

ሱቁ በሰው የሚጨናነቅበትን ቅዳሜ ከሰዓት መረጡ። የበረዶ ጫማ አድርገው፣ በወፍራም ጃኬት ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ጋሽ ከማሉዲን ከዘራቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ጫማቸውን አራግፈው ገቡ። ሱቁ ከዳር እስከ ዳር መቀመጫ ነው። ግራው ሶፋ፣ ቀኙ ሶፋ፣ መሐሉ ሲጫኑት እግር የሚያነሳ ወንበር። ሻጮቹ ከየአቅጣጫው እየመጡ «ቁጭ በሉ፣ ሞክሩት» ይሏቸዋል። ሦስቱ መሐል ሜዳው ላይ ተሰልፈው ቆሙ።

ሥራ አስኪያጇ መጣች። ክሪስቲን ትባላለች፤ ጉንጯ ቀይ፣ ፈገግታዋ የማይወልቅ ሴት። ጋሽ ከማሉዲን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ናቸውና እንግሊዝኛ አይቸግራቸውም፤ ግን ሽምግልና በእንግሊዝኛ ክብደት ያጣል ብለው ስለሚያምኑ በአማርኛ ጀመሩ። ኦቦ ያደታ ማስተርጎም ያዙ።

«እንደምን ዋልሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?»

ክሪስቲን ስለ ብርዱ ስትጠየቅ ልቧ ተከፈተ። ስለ በረዶው ተናገረች፣ ከበረዶው በፊት ስለነበረው በረዶ ተናገረች፣ አባቷ ሐይቅ ላይ በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ሲያጠምድ ስለገጠመው ተናገረች። ጋሽ ከማሉዲን በደስታ ሰሟት። ሰላምታ የምታውቅ፣ የሰው ልጅ ናት አሉ በሆዳቸው።

«የመጣነው በሽምግልና ነው» ብለው ቀጠሉ። «ልጃችን ሰኢዳ ከቤታችሁ አንድ ሶፋ ወስዳ ነበር። አምናችሁ ነው የወሰደችው። እናንተም ቃል ሰጥታችሁ ነው የሸኛችሁት። እንግዲህ በመሐል ቅሬታ ገብቷል። ጥፋቱ የማን ነው ብለን ለመካሰስ አልመጣንም፤ ሶፋው ይቀየርና እርቅ ይውረድ ነው የምንለው።»

ኦቦ ያደታ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ አስተረጎሙት። አቶ ሙሊሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ክሪስቲን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በጣም አዘነች። ከዚያም ምን ማድረግ እንደምትችል እንደምታይ ነገረቻቸው።

«አያለሁ እያለች ነው» አሉ ኦቦ ያደታ። «በቃ፣ እንሂድ።»

«የት ነው የምንሄደው? እንመካከርበት ማለቷ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ከማሉዲን፤ ዓይናቸው በራ። የሚኒሶታ ሰው ፊት ለፊት እንቢ እንደማይል ከጥንት ያውቃሉ፤ ለአገሩ ያላቸው ፍቅርም ከዚህ የመጣ ነው። «ይቺማ የእኛው ሰው ናት። ጠብቅ ዝም ብለህ።»

እስክደውል ድረስ ቁጭ በሉ ተባሉ። «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ። ክሪስቲን ፈገግ እንዳለች ወደ ቢሮዋ ገባች፤ እዚያው ቀረች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆሙ። የጋሽ ከማሉዲን ጉልበት መጮህ ጀመረ። አጠገባቸው ሰማያዊ የቬልቬት ወንበር አለ፤ እጅ ሲያሳርፉበት ስምጥ የሚል ዓይነት። አንድ ጊዜ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ሀዚም ራቱን ትቶ ሲነሳ ታያቸው። ዛሬ ብቀመጥ የልጁን ቤት ነው የማፈርሰው አሉና ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ገበያተኛው ቀስ በቀስ ያያቸው ጀመር። ያን ሁሉ መቀመጫ ከበው ያልተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ማንን አያሳስቡም? እግር በሚያነሳው ወንበር ላይ የተንጋለሉ አንዲት አሮጊት አላስቻላቸውም። ለምን አትቀመጡም ብለው ኦቦ ያደታን ጠየቁ።

ኦቦ ያደታ ዕድሜ ልካቸውን ዋሽተው አያውቁም። ወደ ጋሽ ከማሉዲን እየጠቆሙ፣ «እሱ አንድ ጊዜ ተቀምጦ ወለል ላይ ወድቋል» አሏቸው።

አሮጊቷ እንቁላል ላይ የተቀመጡ ይመስል ቀስ ብለው ተነሱ። ለባላቸው አንሾካሾኩላቸው። ባልየው ሊፈርሙ የያዙትን እስክሪብቶ ለሻጩ መለሱ። ወሬ በሱቁ ውስጥ ዞረ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ሶፋ ባዶ፣ ሁሉም ሰው ቋሚ ሆነ። ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ አይቆምም። ጋሽ ከማሉዲን ምን እንደተባለ አልሰሙም፤ አገሬው ሽምግልናቸውን አክብሮ የተነሳላቸው መስሏቸው እጅ ነሱ።

ክሪስቲን ከቢሮዋ ወጥታ ይህን ስታይ እርምጃዋ ፈጠነ። የቅናሽ ኩፖን አቀረበች። ጋሽ ከማሉዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠጋኝ እልካለሁ አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዋናው ቢሮ የመዘገበው ከአቅም በላይ ክብደት ብሎ ስለሆነ እጇ መታሰሩን ነገረቻቸው።

ጋሽ ከማሉዲን ከዘራቸውን ለአቶ ሙሊሳ ሰጡ። ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ሹራባቸውንም ጨመሩ። በሸሚዝ ብቻ ሆነው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ።

«ክብደቱ ይኸውና» አሉ።

ክሪስቲን አየቻቸው። ከላይ እስከ ታች የሚታይ ብዙ ነገር አልነበረም። ፈገግታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለቀና ከሥሩ እውነተኛ ሳቅ መጣ፤ አፏን በእጇ ብትይዘውም አመለጣት። ወደ በሩ የሚያመሩትን ገበያተኞች ዘወር ብላ አየች።

«ኦኬ» አለች። «እንቀይራለን። አሁን እባካችሁ ቁጭ በሉልኝ።»

«ኦኬ» ማስተርጎም አላስፈለገውም። ጋሽ ከማሉዲን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» አሉ። ግን ሳይመርቁ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ንግዳችሁ ይስፋ፣ የሸጣችሁት አይመለስባችሁ፣ የሚደውልላችሁ ሁሉ የሚያነሳለት ሰው ያግኝ እያሉ ረዘም አድርገው መረቁ። አቶ ሙሊሳ በየመሐሉ «አሜን» ሲሉ ሁለት ሻጮችም አብረው አሉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ከማሉዲን ሰማያዊውን ወንበር በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ፈተሹና በቀስታ ተቀመጡ።

ክሪስቲን በሚኒሶታ ደንብ በሩ ላይ ተሰናበተቻቸው፣ መኪናው ጋ ደግማ ተሰናበተቻቸው። መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ጎንበስ ብላ፣ የቤቷን ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት እያስቸገራት መሆኑን አነሳችና ለእሱም ይሄዱ እንደሆነ ጠየቀች።

«እንመካከርበት በላት» አሉ ጋሽ ከማሉዲን።

ሶፋው የደረሰ ዕለት ሦስቱ ሰኢዳ ቤት ተገኙ። ጋሽ ከማሉዲን አዲሱን ሶፋ አዩት፤ ዛሬ ግን አይታለሉም።

«ተቀመጡ እንጂ ጋሼ።»

«እሺ ሳትዪን አንቀመጥም።»

በዚህ መሐል ከኩሽና አንድ ሰው ወጣ። በአንድ እጁ ሳህን፣ ጉንጩ በምግብ የተወጠረ፣ ሰኢዳ ወጥ ስትሠራ የምታገለድመውን ሽርጥ ያገለደመ ሰው። ሀዚም ነበር። አጎቱን ሲያይ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ጋሽ ከማሉዲን ሳህኑን አዩት። ማታ ማታ የሚመለሰው ራት፣ «በቃኝ አባባ»፣ ተዘጋ ያሉት አንጀት፣ ሁሉም ተራ በተራ ገባቸው።

«ይሄ ልጅ እዚህ መብላት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከወደቁ ማግሥት ጀምሮ» አለች ሰኢዳ፤ ምንም አላፈረችም። «እሺ ያልኩት እኮ ያን ለት ነው፣ ጋሼ። ወለል ላይ ተዘርግተው፣ ካልሲዎ ተቀዶ፣ ለልጁ ብለው ንግግርዎን ሲጨርሱ። እንዲህ ያለ ሰው ያሳደገው ልጅ እንዴት እንቢ ይባላል?»

ጋሽ ከማሉዲን ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሱቁ ያጭበረበራት ሴት እሳቸውን ከሱቁ አብልጣ አጭበርብራቸዋለች፤ ጉልበታቸው ይመስክር። ቁጣው ግን አልመጣም፤ በምትኩ ዓይናቸው እርጥብ አለና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

«እና ያን ሁሉ ሰዓት ሱቅ ያቆምሽኝ ለምንድን ነው?»

«እናንተን ባልልክ ሶፋው ይመጣልኝ ነበር?»

ጋሽ ከማሉዲን ተቀመጡ፤ ሶፋው ቻላቸው። ሰኢዳ ሻይ ቀዳችላቸውና ኩሽና በር ላይ የቆመችውን ታናሽ ልጇን በዓይኗ ጠቀሰች።

«ለእሷም የምትመጡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ» አለች። «የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ አላፈስ ብሎኛል።»

አቶ ሙሊሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አሜን» አሉ።