ቨርኖን እጁን እንዲያወጣ

ቅዳሜ ጠዋት ቨርኖን ቤት ሄጄ ስለ በረዶ አውርቼ ተመለስኩ። እንግዲህ ሳቁብኝ! የሄድኩት ስለ ውሾቹ ልለምነው ነበር።

ቨርኖን እኛን ወክሎ በአዮዋ ግዛት ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ነው። አብረን ተምረናል። በቆሎ ያመርታል፣ አሳማ ያረባል፣ በበረዶው ወራት ደግሞ ሰኞ ሰኞ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ዴሞይን እየነዳ ሕግ ያወጣል። ውሻ አርቢዎች ተቆጣጣሪ ይመደብባቸው የሚለው የሕግ ረቂቅ እሱ ባለበት ኮሚቴ እጅ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ከኮሚቴው ካልወጣ ለዘንድሮ ሞተ ማለት ነበር። ግማሹ ይደግፋል፣ ግማሹ ይቃወማል፣ ያልለየለት ቨርኖን ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እየደወልኩ "ለተወካያችሁ ደውሉ፣ ስማችሁንና ከተማችሁን ተናገሩ፣ እንዳትሳደቡ" ስል የከረምኩ ሴት ነኝ። ጆሮዬ በስልክ ተቃጥሏል። ቨርኖን ፊት ስቀርብ ግን አፌ ተሳሰረ። እዚህ ከተማችን ኒው ሄልደር ሰው ፊት ለፊት ምንም አይጠየቅም። ይሉኝታ ገድሎናል። የፖም ኬክ ይዤ ሄድኩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አዲሱ ፓስተር ሳል፣ እንደገና ስለ በረዶው አወራን። ማእድ ቤት ተሰነባበትን፣ በር ላይ ተሰነባበትን፣ መኪናዬ ገብቼ በመስኮት ስንሰነባበት እሱ ራሱ አነሳው።

"ዊልማ፣ የመጣሽው ለውሾቹ ነው አይደል?"

"እንግዲህ... አንተ ካነሳኸው..."

"ስልኬ በጥሪ አልቋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያነቡልኝ። ክፉ አርቢ አለ ይላሉ። የት ስላቸው ሌላ ወረዳ፣ ሌላ ግዛት። እኔ ጎረቤቶቼ ላይ ዝም ብዬ ተቆጣጣሪ አልሰድም። በወረዳዬ አንድ አሳዪኝ። አንድ! ለረቂቁ እጄን አወጣለሁ።"

"የመኪናህ የኋላ ጎማ አየር አንሶታል" አልኩትና መኪናዬን አስነሳሁ።

ምን ልበለው? የማውቀው አንድ ነበር። እሱም ወንድሜ ጌሪት ነው።

ጌሪት ታናሼ ነው፤ ከእሱ ሌላ ወንድምም እህትም የለኝም። ሚስቱ ጆይስ ስትሞትበት ላሞቹን ሸጠና ቡችሎቻቸውን ሊሸጥ በረቱን ፑድል በሚባሉ ትንንሽ ነጫጭ ውሾች ሞላው። ባለፈው መከር መሰላል ልዋስ ሄጄ በረቱ ውስጥ ገባሁ። ምነው ባልገባሁ! ውሾቹ ሽቦ ላይ ቆመው ይኖራሉ፤ መሬት ረግጠው አያውቁም። አንዷ እናት የታችኛው መንጋጋዋ በስብሶ ምላሷ በጎን ወጥቶ ታየኛለች። መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። ለጌሪት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በማግስቱ ስልኩን አነሳሁና ይኸው እስከ ዛሬ።

ከቅዳሜ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ፣ መኪናዬን አስነስቼ አጠፋለሁ። ለቨርኖን ብነግረው ወንድሜን አጣለሁ። ባልነግረው ያቺ ውሻ እዚያው ሽቦ ላይ ትሞታለች፣ ልጆቿም ይተኳታል። ቨርኖን ደግሞ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጌሪት እንደ ወትሮው ምሳ እኔ ጋ መጣ። እሱ ሥጋውንም ድንቹንም ጥርግ አድርጎ በላ። እኔ አንዲት ድንች ሳገላብጥ ቆየሁ።

"ውሾችህን ልያቸው" አልኩት።

"ምን ልታደርጊ? ልትባርኪያቸው?"

"ልያቸው አልኩህ እኮ!"

"እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ።"

የእሱን መኪና ተከትዬ ነዳሁ። የበረቱ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ጩኸቱ ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። ያቺ እናት አለች። ሆዷ ተነፍቷል።

"ጌሪት፣ ይቺ ደግሞ አረገዘች?"

"ምን ላድርግ፣ ልምከራት?" ብሎ ሳቀ።

"ሐኪም አይቷታል?"

"ትበላለች። የምትበላ ውሻ አልታመመችም።"

"ስማኝ፣ ወለል እንሥራላቸው። ከሽቦው እናውርዳቸው። ይቺን እኔ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። አሁኑኑ እንጀምር፣ ካፖርቴን ላውልቅ።" እሺ እንዲለኝ ውስጤ እየለመነ ነበር። እሺ ቢለኝ ለማንም ምንም አልናገርም።

"አንቺ ዴሞይን ላሉት ስትደውዪ የምትውዪው አልበቃ ብሎሽ አሁን ወደ እኔ ዞርሽ? ከብት እኮ ናቸው ዊልማ። እንደ ላም ቁጠሪያቸው።"

"አባባ ላም እንዲህ አልያዘም።"

ይሄ ወጋው። ፊቱ ቀላ። ከዚያ እንደ ልጅነታችን አፉን አጣመመብኝ። "ለማንኛውም ቨርኖን እምቢ ነው የሚለው። በወረዳዬ አንድም አላውቅም ብሎኛል።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ልትነግሪው?" ከልቡ ሳቀ። "አንቺ? ሰው ወንበርሽ ላይ ሲቀመጥብሽ ተነሥ ማለት አፍረሽ መዝሙሩን ሁሉ ቆመሽ የምትጨርሺው? ትነግሪዋለሽ? ንገሪው እስቲ! ይኸው ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ነው።"

አወጣሁት። ቨርኖን ጋ ደወልኩ። ጌሪት አሁንም እየሳቀ ነበር። ቨርኖን ምግብ እያላመጠ አነሳ።

"ቨርኖን፣ ዊልማ ነኝ። በረዶው መቼም ቆመልን..." ወይኔ! ደግሞ በረዶ! ምላሴን ነከስኩ። "ተወው በረዶውን። አንድ አሳዪኝ ብለኸኝ የለ? የጌሪት ነው። የወንድሜ በረት ነው። ውስጡ ቆሜ ነው የምደውልልህ፣ እሱም አጠገቤ አለ።"

ማላመጡ ቆመ። የጌሪት ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"እስቲ እሱን ስጪኝ" አለኝ ቨርኖን።

ስልኩን ለጌሪት ሰጠሁት። ይክደኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ እውነቱን ለመናገር ቢክደኝም ደስ ባለኝ። "አዎ" አለ። "እንዳለችው ነው።" የሚያየው ያቺን እናት ነበር። "ና እይ። ቦት ጫማ አድርገህ ና።" ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግን ሰማሁት። "ቨርኖን፣ እጅህን እንደፈለግህ አውጣ። ዊልማ ነገረችኝ ብለህ ግን ለማንም እንዳታወራ። እዚህ ሰው መሀል መኖር አለባት።"

"ጌሪት" አልኩት ስልኩን ሲመልስልኝ። ክንዱን ልይዘው ስል ሸሸኝ።

"ሂጂ። መኪናሽን ማንም ሳያይ ሂጂ።"

ውጭ መኪናዬ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ልክ ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ደግመሽ ደውዪ ብባል እደውላለሁ።

ቨርኖን በዚያው ከሰዓት ሄዶ አየ። ያቺን እናት ሐኪም ጋ የወሰዳት እሱ ራሱ ነው አሉ። ዓርብ ዕለት እጁን አወጣ፣ ረቂቁም ከኮሚቴው ወጣ። ገና ብዙ ደጅ ይጠናል፤ እኔም ለሌሎቹ ተወካዮች መደወሌን አልተውኩም። ቨርኖን "በወረዳዬ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ስለተናገረ ግን የማን በረት እንደሆነ ከተማው በአንድ ቀን ደረሰበት። ጌሪት ስልኬን አያነሳም። እሑድ ምሳም አልመጣም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእኔ ማዶ ተቀምጦ መዝሙር መጽሐፉን ሲያይ ይቆያል።

ትናንት ጎረቤቴ አልቪና በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ባሏ የከብት መኖ መሸጫው ሄዶ ነበር፤ ወንዶቹ ጌሪትን ከበው "ማን ነው የሸጠህ? ስሙን ብቻ ንገረን" ሲሉት ነበር አለችኝ።

"ምን አላቸው?" አልኳት።

"'ማንም አልሸጠኝም፣ ቨርኖን ጋ የደወልኩት እኔው ነኝ' አላቸዋ! ሁሉም አፉን ያዘ። ዊልማ ሙቺ፣ ባሌ ኮፍያውን አውልቆ ነው የነገረኝ። ከስንት ወንድ መሀል ራሱን የሚያጋልጥ ይገኛል? ወንድምሽ እኮ ጀግና ነው።"

"አዎ" አልኳት።