ባዶ እግር በወላጆች ቀን

ርእሰ መምህሩ ወንዳወቅ ቁርጡን የነገረኝ በቢሮው ደጃፍ ቆሞ ነው።

«መምህር ፋንታሁን፣ ስለ ወዳጅነታችን አስቀድሜ ልንገርዎ። የትናየት በወላጆች ቀን፣ ከዞን በሚመጡት እንግዶች ፊት፣ እንደ ባለፈው ከመቀመጫዋ ከተነሣች ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትመለሳለች። ቅጹን አዘጋጅቻለሁ።»

ልጄ የትናየት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እናቷ አምሳለ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ከአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ቀድማ ፊደል ለይታለች፤ መቀመጥ ግን አልሆነላትም። ተማሪው በግቢው ተሰብስቦ ንግግር በሚሰማበት ጊዜ በአግዳሚዎቹ መካከል ትሽሎከለካለች። ባለፈው ስብሰባ ከመድረኩ ሥር ገብታ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ነቅላለች።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ሰውነት ለፈቃድ ይገዛል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ሰዓቴን ከፊቴ አድርጌ ስጠብቃት ሰነበትሁ። ከሰባት ደቂቃ አላለፈችም። በስምንተኛው እንባዋ ይወርዳል።

«አባዬ፣ እኔ እሺ ብያለሁ፤ እግሬ ነው እንቢ ያለኝ።»

በዚህ ላይ ሳለን የእናቷ አባት፣ አባባ ምንይሉ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ ለገበያ መጥተው ከቤቴ ገቡ። በርጩማውንና ሰዓቱን ተመለከቱ።

«ምን አጥፍታ ነው የምትቀጣት?»

«ቅጣት አይደለም አባባ፤ መቀመጥ እያስተማርኋት ነው።»

«እጇን ባዶ አድርገህ? እኛ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን የምንቀመጠው ንግግሩ ጣፍጦን መሰለህ? ሁላችንም ቃጫ ይዘን ነው። ቃጫው ባይኖር ሊቀ መንበሩ ለድንጋይ ብቻ ይናገር ነበር።»

ከስልቻቸው አንድ ጭብጥ ቃጫ አወጡ። የቀኝ ጫማዋን አወለቁና የቃጫውን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት አስያዟት፤ ለሁለት የተከፈለውን ቃጫ በመዳፏ እያሻሸች እንድትገምድ አሳዩዋት።

«ጣትሽ ከለቀቀው ይፈታል። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሏት።

«አባባ፣ ሴት ልጅ ገመድ ስትገምድ አይተው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«አላየሁም። አሁን አየሁ።»

ለእኔ እንቢ ያለው እግር ሥራ አገኘ። የትናየት ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከበርጩማው አልተነሣችም።

በወላጆች ቀን ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ቀኝ እግሯን ባዶ አድርጋ ተቀመጠች። ጫማዋ ከጎኗ ነው። የዞኑ እንግዳ ንግግር ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ እርሷ ግን ትገምዳለች። ወንዳወቅ በግድግዳው ጥግ ወደቆምሁበት መጣ።

«መምህር፣ ይህ ምንድን ነው? እንግዶቹ ተማሪዎቻችን ጫማ የላቸውም ይሉናል። ያጥልቁላት፤ ቃጫውንም ይቀበሏት።»

«ከተቀበልኋት ትነሣለች።»

«ከተነሣች የተነጋገርነውን ያውቁታል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው የሚሻው በእንግዳ ፊት ማማርን እንጂ የልጄን መቀመጥ አልነበረም። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን የኮቴ ቁልፍ ሳይቆለፍ በሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ከግድግዳው ለቅቄ ወደ ሕፃናቱ አግዳሚ ሄድሁ፤ ጉልበቴ ደረቴን እስኪነካ አጎንብሼ ከልጄ ጎን ተቀመጥሁ። ጫማዬን ፈታሁ፣ ካልሲዬን አወለቅሁ፣ ቃጫ ተካፍዬ ጫፉን በአውራ ጣቴ ያዝሁ።

ሕፃናቱ ተንጫጩ። ከኋላ ከወላጆቹ መካከል አንዲት ሴት «እሰይ መምህር! ገመዱስ ደረሰ፤ የሚታሰርበትን አህያ ማን ያመጣልዎታል?» ብላ ጮኸች፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ። እንግዳው ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ይቀጥሉ፤ እየሰማን ነው» አልኋቸው።

አርባ ደቂቃ ቀጠሉ። የትናየት በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ እኔ ዘንበል ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ላልቶብሃል። አጥብቀው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ስብሰባው ሲበተን ወንዳወቅ ቅጹንና እስክርቢቶውን ይዞ መጣ።

«በእንግዳ ፊት አዋርደውናል። ደንብ ተጥሷል፤ ይፈርሙ።»

«ከተነሣች ነበር ያሉኝ። አልተነሣችም።»

«ነገ ከበር እመልሳታለሁ።»

«እንግዲያው ሁለታችንን ነው የሚመልሱት። ነገም ከነገ ወዲያም ከጎኗ እቀመጣለሁ።»

ቅጹን አልቀደድሁትም። እንደ ነበረ፣ ሳልፈርምበት፣ በሁለት እጄ መለስሁለት።

በማግስቱ ማለዳ ወንዳወቅ ከበሩ መካከል ቆሞ ጠበቀን። መንገድ ላይ ያሉት ወላጆችም ቆመው ያዩ ነበር። የልጄን እጅ እንደ ያዝሁ እርምጃዬን አልቀነስሁም፤ እርሷም አልቀነሰች። ክንዱን ልንነካው አንድ እርምጃ ሲቀረን ከበሩ ዘወር አለልን፤ ወደ አንደኛ ክፍል ገባን።