ውኃው ውስጥ ዝም ያለው

«ጩኸቱ ሊነሣበት ሲል መስኮቱን በባና ይጋርድ ነበር አሉ።»

«በባና ብቻ? ዝተቱንም፣ የእናቱንም በርኖስ ጭምር ሰቅሎ እንጂ! ብርሃን ጠልቶ ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች የሚያወሩት ከጽናት ጀርባ፣ በድንኳኑ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ሐዘንተኛዋ እናት እንዳይሰሙ እንጂ ለጽናት ተጠንቅቀው አይደለም። ጽናትን በሞላሌ የሚያውቃት የለም፤ ከአዲስ አበባ የመጣች የሟች ጓደኛ መሆኗ ብቻ ነው የተነገረው።

«እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣» አለች አንደኛዋ፣ ጠጄ የምትባለው የቅርብ ጎረቤት። «እሳት ልጭር ሄጄ በበሩ ቀዳዳ ባይ፣ ጆሮው ላይ ጥቁር ነገር ደፍቶ፣ አንዲት ብረት ፊት ቆሞ ይጮኻል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ኮሽ የሚል ነገር የለም፤ እሱ ብቻ! ሲጨርስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ማር በሙቅ ውኃ በጥብጦ ይጠጣል።»

«ውይ በሞትኩት! እንዲያ ያለ ረጋ ያለ መምህር!»

ጽናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ እንዲሰቅል የነገረችው እሷ ነበረች። «የድንጋይ ቤት ድምፅ ይመልሳል፤ ወፍራም ነገር አልብሰው» ብላ ጽፋለት ነበር። ማይክሮፎኑን በአውቶቡስ የላከችለት፣ ማሩንም ለጉሮሮው ያዘዘችለት እሷው ናት።

መልከ ጼዴቅ የተቀበረው ትናንት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። የሞላሌ ሰው የሚያውቀው ታሪክ አጭር ነው፤ የተጠራጠረውም የለም። ልጁን ክፉ መንፈስ ያዘው፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ ቤቱን ዘግቶ ጮኸ፤ እናቱ አልቅሰው፣ ለምነው፣ ጠበል ወሰዱት፤ በጥቅምት ውርጭ ሰባት ንጋት ተጠመቀ፤ ወደ ቤቱ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን የሳንባ ምች አጣደፈውና ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ጽናት የምታውቀው ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። መልከ ጼዴቅ አልታመመም ነበር። ይዘፍን ነበር።

*

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ሦስት ነበሩ፤ የሚዘፍነው መልከ ጼዴቅ፣ ጊታር የምትጫወተው ጽናት፣ ድራም የሚመታው ሪድዋን። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ «ስንጥቅ» የሚል ባንድ አቋቁመው፣ ፖስት-ሃርድኮር የሚባለውን፣ ዜማው በድንገት ተቀዶ ጩኸት የሚወጣበትን ሙዚቃ፣ ከስልሳ በማይበልጥ ታዳሚ ፊት ይጫወቱ ነበር። መልከ ጼዴቅ ከመድረክ ውጭ ሲናገር ሰው እንዲሰማው ወደ እሱ ማዘንበል ነበረበት። መድረክ ላይ ግን ድምፁን ከሆዱ ሥር አንሥቶ ሲለቀው፣ የጊታሯ ክር ሳትነካው ሲርድ ለጽናት በጣቷ ይሰማት ነበር። አንድ አልበም አወጡ። ሦስት መቶ ሲዲ ተባዝቶ በሚተዋወቅ ሰው እጅ ውስጥ ቀረ።

የመልከ ጼዴቅ አባት ያረፉት እሱ መድረክ ላይ በነበረበት ምሽት ነው። ስልኩ ተዘግቶ ነበር። ሞላሌ ሲደርስ ለቅሶው አብቅቶ የድንኳኑ ካስማ ሲነቀል አገኘ። እናቱ «ዘፈን አባትህን ከመቅበር ከለከለህ» አሉት እንጂ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ሰምተውትም አያውቁም። እሱም በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ዳግመኛ እንደማይዘፍን ማለላቸው። በዚያው ቀረ። ባንዱም በዚያው ቀረ።

አሥራ ሦስት ዓመት። በእነዚህ ዓመታት ጽናት የሳሙናና የዘይት ማስታወቂያ ድምፅ ስታስተካክል ኖረች። ሥራዋን አልጠላችውም፤ ሥራዋ ውስጥ ግን እሷ አልነበረችም። ባለፈው ሰኔ «አንድ አልበም ብቻ፣ አሥር ዘፈን። ከዚያ በኋላ ብንሞትም ግድ የለኝም» ብላ ጻፈችለት። አሁን ይህችን ዓረፍተ ነገር ከስልኳ ላይ ልታጠፋት ሞክራ እጇ እንቢ ብሏታል።

መልከ ጼዴቅ እሺ ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። «እናቴ እንዳታውቅ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልጠየቀም። ጽናትና ሪድዋን ሙዚቃውን አዲስ አበባ ቀድተው ይልኩለታል፤ እሱ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድምፅ ይቀዳል። ለእሱ ጊታሩም ድራሙም በጆሮው ውስጥ አለ። በአጥሩ ሥር ለሚያልፍ ሰው ግን ያለው ጩኸቱ ብቻ ነው። ይህን ከሦስቱ አንዳቸውም አላሰቡትም።

*

በሣልስቱ ቀን የሟች አጎት መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ጽናትን ከድንኳኑ ውጭ፣ ወደ ድንጋዩ ካብ ጠሯት።

«ልጄ፣ እኅቴ አማከለች ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ውኃ ብቻ ነው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ብርድ ስንት ቀን ትቆማለች ትያለሽ?»

«ምን ይላሉ እሳቸው?»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ነገሩ እንዲህ ነው። ክፉ መንፈስ ያለበት ሰው ጠበሉ ሲነካው ይጮኻል። ጮኾ፣ ለፍልፎ፣ ስሙን ተናግሮ ነው ለቀቀው የሚባለው። መልከ ጼዴቅ ግን ሰባቱን ቀን ውኃው ውስጥ ዝም አለ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ድምፅ የለም። ያንን ሁሉ የጮኸ ልጅ! አጥማቂው በስድስተኛው ቀን ‹ይህ ልጅ ምንም የለበትም፤ ይዘሽው ግቢ› አሏት። እሷ ‹አይ፣ ሰባቱን ይጨርስ› አለች። አሁን የሚያብሰለስላት ይኸው ነው። ታምሞ ካልነበረ፣ ጤነኛ ልጄን በውርጭ የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች።»

መሪጌታ ወደ ጽናት ዞሩ።

«አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪያት። ከሌለም...» አሉና አቆሙ። የካህን አፍ ከዚያ በላይ መሄድ አልቻለም።

እሳቸው ወደ ድንኳኑ ከተመለሱ በኋላ ጽናት በካቡ ጥግ ቁጢጥ ብላ ከመልከ ጼዴቅ ጋር የተጻጻፉትን በስልኳ ላይ ከፈተች። የምታገኘውን ታውቃለች፤ ግን አነበበችው።

«ጉድ ሆነናል። እናቴ ሰምታኛለች። ዘፈን ነው እንዳልላት መሐላው አለ። ጠበል ልትወስደኝ ነው። ሰባት ቀን ቀዝቅዤ እመጣና አሥረኛውን እጨርስልሻለሁ።»

«ሂድ። ጉሮሮህን ብቻ ጠብቅ።»

በማግስቱ፦ «ውርጩ ለጉድ ነው። አጠገቤ ያለው ሁሉ ይጮኻል፣ እኔ ብቻ ዝም። አንድ ጊዜ እንደ ድሮው ባሰማቸው ‹ወጣለት› ብለው ዛሬውኑ ያሰናብቱኝ ነበር። ላሰማቸው?»

ጽናት ይህ መልእክት ሲደርሳት ስቱዲዮ ውስጥ ነበረች። አሥረኛው ዘፈን አልበሙ ሁሉ የሚያርፍበት ነበር፤ በዚያ ብርድ የተጮኸበት ጉሮሮ ለሳምንታት እንደሚዘጋም ታውቃለች። ቀልድ መስሏት፣ ደግሞም ቀልድ ሳይመስላት፣ ጻፈች፦ «እንዳትሞክረው! ድምፅህን ለእኔ ቆጥብልኝ።»

«እሺ አለቃ» አላት።

ቆጠበላት።

*

«ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?» አለ ሪድዋን በአምስተኛው ቀን። ከአዲስ አበባ ይዟት ከመጣው መኪናው አጠገብ ቆመው ነበር።

«ቀስ በል።»

«ምን ቀስ እላለሁ? ከወንዶቹ መካከል ቁጭ ብዬ አራት ቀን ሙሉ የሰማሁት ስለ አንድ እብድ ነው። መንፈሶቹ ስንት ነበሩ ብለው ይከራከራሉ፤ አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው ሰባት።» ፈገግታ የሚመስል ነገር ከንፈሩን ነካው። «መልኬ ቢሰማ ‹ባንድ ለማቋቋም ይበቃሉ› ይል ነበር።»

ጽናት ሳቋ አመለጣት። መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥባት በነጠላዋ አፈነችው።

«ዘጠኝ ዘፈን በእጃችን አለ፣» አለ ሪድዋን። «በዕድሜው እንደዚህ ሆኖ አያውቅም። አልበሙ ይውጣ፣ ሰው ይስማው፣ ስሙ ይጽዳ። ጽኑ፣ ጓደኛችንን እብድ ብለው ነው የቀበሩት!»

«አልበሙ በወጣ በሰዓቱ የተማሪዎቹ ስልክ ላይ ይገባል። ከተማሪዎቹ ወደ ጠጄ፣ ከጠጄ ወደ እናቱ። ያንን ድምፅ ያውቁታል ሪድዋን። አንዴ ቢሰሙት ይበቃቸዋል።»

«ታዲያ ልጄ እብድ ነበር ሲሉ ይኑሩ?»

«እኔ የምፈራው ጨርሶ አለመኖራቸውን ነው።»

ሪድዋን የመኪናውን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ፤ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ያለ ልማዱ ምቱን ሳይጨርስ ተወው።

*

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ለቀስተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እማማ አማከለች ጽናትን በእጃቸው ጠሯት። ግድግዳውን ተደግፈው እየተራመዱ ወደ ልጃቸው ክፍል አስገቧትና መደቡ ላይ ተቀመጡ። በጥቁሩ ልብሳቸው ውስጥ አካል ያለ አይመስልም ነበር።

«በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው። ባናው አሁንም በመስኮቱና በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የውጭው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ጽናት ወደዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም፤ ጸጥታውን ግን ታውቀዋለች። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ፣ መልከ ጼዴቅ ትንፋሽ ከመሳቡ በፊት የሚሰማው ይህ ጸጥታ ነበር።

«ልጄን ስንት ዓመት ታውቂዋለሽ?»

«አሥራ ስምንት ዓመት፣ እማማ።»

«እንግዲያ አትዋሺኝ። አፈር ስሆን ንገሪኝ። አዲስ አበባ ሳለ ይጮኽ ነበር?»

ጽናት በኪሷ ውስጥ መዳፏን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ዘጠኙም እዚያ ናቸው። አንዱን ብትከፍትላቸው፣ ከጩኸቱ ሥር ጊታሩ ይነሣል፣ ድራሙ ይገባል፤ ሁለት ወር ሙሉ ባዶውን የሰሙት ድምፅ ያኔ ቦታውን ያገኛል። ልጃቸው ጤነኛ እንደነበረ ያውቃሉ። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ በስድስተኛው ቀን የተናገሩትን ያስታውሳሉ።

«ይጮኽ ነበር፣» አለች።

«እንዴት ያለ ጩኸት?»

«ከሆዱ የሚነሣ። እርስዎ እዚህ የሰሙት ዓይነት።»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ?»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ። ሪድዋንም ያውቃል።»

እስከዚህ ድረስ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር።

እማማ አማከለች ወደ ፊት አዘነበሉ። «ታዲያ ውኃው ውስጥ ለምን ዝም አለ? እንደዚያ ሲጮኽ የኖረ ልጅ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ለምን አልጮኸም?»

የዚህን መልስ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሷም እዚያው ፊታቸው ቆማለች። «እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት» የሚለው ቃል እስከ ምላሷ ሥር መጣ። ቢወጣ ኖሮ እሷን ያሳርፋት ነበር። እሷን ብቻ።

«ለቆት ነው፣» አለች ጽናት። ድምፅዋ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። «ሁሉም እየጮኸ አይለቅም እማማ። ቀስ እያለ የሚወጣም አለ። በመጨረሻው ቀን ጽፎልኝ ነበር፤ ቀለለኝ፣ ውስጤ ጸጥ አለ ብሎ። ሰባቱን ባይጨርስ አይለቀውም ነበር።»

«ሰባቱን ባይጨርስ?»

«አይለቀውም ነበር።»

«ሳንባውስ?»

«የሳንባ ምች ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። መልኬ ግን ድኖ ነው የሄደው።»

አሮጊቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። አምነዋት ይሁን ወይም ለማመን ወስነው፣ ጽናት ለመለየት አልደፈረችም። «ድኖ ነው የሄደው፣» አሉ ለራሳቸው፤ ቆይተውም ደገሙት። ከዚያ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫን አደረጉ።

«ጠጄን ጥሪልኝ። ትንሽ በሶ ትበጥብጥልኝ።»

*

ከሰዓት በኋላ ሞላሌን ለቀው ሲወጡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ አጨዳ ነበር። የሚነዳው ሪድዋን ነው።

«እናቱ በሉ?» አለ።

«በሉ።»

«እንግዲህ አልበሙን እንቅበረው በያ።»

«አንቀብረውም። ይወጣል። ሙዚቃው ብቻ።»

«ያለ እሱ?»

«ያለ ድምፁ።»

ሪድዋን ፍሬን ረግጦ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመው። «አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቀን፣ ያለ መልኬ? አንቺ ራስሽ ጠበል ያስፈልግሻል።» ሰድቦ መሬት ሊያስገባት ፈልጎ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው።

ጽናት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ የጊታሩ፣ የድራሙ፣ የመልከ ጼዴቅ ድምፅ በየመስመሩ ተደርድሯል። የእሱን መስመር ዘጋች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ዘጋች። አልቸኮለችም። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆየ፤ እሱንም ዘጋች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ዘፈን ተመልሳ አጫወተችው።

ጊታሩ ብቻውን ገባ። ድራሙ ተከተለ። ሪድዋን እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ወደ ፊት፣ ወደታጨደው ማሳ ያያል። ሙዚቃው ከፍ እያለ፣ እየከበደ ሄዶ ድምፁ ወደሚገባበት ቦታ ሲደርስ፣ ሪድዋን ድሮ ከድራሙ ኋላ እንደሚያደርገው፣ ከመልከ ጼዴቅ ጋር እኩል ትንፋሹን ሳበ። ሳበና፣ የሚለቅበት ቦታ አጥቶ፣ እንደያዘው ቀረ።

ጽናት አጠገቡ ተቀምጣ እስኪተነፍስ ጠበቀችው።